ህንድ እስር ቤት ውስጥ መጥረጊያው ለማን ነው የሚሰጠው? (ረጅም ክር ነው፣ ቡና ይዛችሁ ግቡ)

መነሻ ፖስት

ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን አንድ ፍርድ አንብቤ ሁለት ቀን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኝ ነው ወደዚህ ያመጣሁት። ነገሩ የህንድ ነው። መስከረም 23 ቀን 2017፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 3/2024 ማለት ነው፣ የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እስረኛን በካስት እየለዩ ስራ መመደብም ሆነ ለብቻ ማሰር ህገ መንግስቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። እኔ መጀመሪያ ርእሱን ሳይ ይሄማ ድሮ የቀረ ነገር አይደል እንዴ ብዬ ላልፈው ነበር።

ከዛ ገባ ብዬ ሳነብ ነው የደነገጥኩት። ምክንያቱም ዘበኞቹ በልማድ ብቻ የሚያደርጉት ነገር አይደለም፣ መተዳደሪያ ደንብ ላይ ቁጥር ተሰጥቶት የተጻፈ ነው። የኡታር ፕራዴሽ ክልል ደንብ ቀላል እስራት የተፈረደበት ሰው የሚያዋርድ ስራ አይታዘዝም ይል ነበር፣ ከዛ ቀጥሎ እንዲህ አይነት ስራ ከለመደ ወገን ካልሆነ በስተቀር ይልሃል። የለመደ! ሽንት ቤት መጥረግ ማን ለምዶ ይወለዳል? የምእራብ ቤንጋል ደግሞ ምግቡን ተስማሚ ካስት ያላቸው እስረኞች ያብስሉት፣ ጠራጊ ሜተር ወይም ሃሪ ከሚባሉት ዝቅ ተደርገው ከሚታዩ ካስቶች ይመረጥ ይል ነበር። ራጃስታንም ወጥ ቤት ብራህሚን ወይ ከፍ ያለ ካስት ያለው ሂንዱ ይሁን የሚል ነበረው። በቃ እስር ቤት ስትገባ የሰራኸው ወንጀል አንድ ነገር ነው፣ አያትህ ምን ይሰራ ነበር የሚለው ደግሞ ሌላ መዝገብ ነው፣ ለዛውም ካስት የሚል አምድ የተሰመረበት።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ይሄ መስመር ከደንቡ ስለተሰረዘ ነገ ጠዋት መጥረጊያውን የሚያነሳው ሰው ይቀየራል ወይ?

—

ከላይ ያለው የኔ ጽሁፍ ነው። 34 መልስ መጣበት፣ ዘግይተው ለሚገቡ ሰዎች እንዲመች በራሴ አነጋገር ከታች ሰብስቤዋለሁ። የተባለውን እንዳላጣምም ሞክሬያለሁ፣ ካጣመምኩ ባለቤቱ ይምጣና ይስደበኝ።

1 ቁጥር ላይ የመጣው ሰው ጨዋ ነው፣ አመስግኖኝ ሲያበቃ ካስት የሚባለው ነገር እንደኛ ብሄር ነው ወይስ እንደ ሀብታምና ድሃ ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፣ እኔ ራሴ ማብራራት ነበረብኝ።

2 ቁጥር ህንድ ውስጥ ፑኔ ከተማ ሶስት አመት የተማረች እህት ናት። ስትመልስለት ሁለቱም አይደለም አለችው። ቋንቋቸው አንድ፣ ሀይማኖታቸው አንድ፣ ሰፈራቸው አንድ የሆኑ ሁለት ሰዎች በካስት ይለያያሉ፣ የሚወለዱበት ነው፣ ማን ከማን እጅ ይበላል ማን ማንን ያገባል የሚለው እዛ ላይ ነው የሚያርፈው አለች። ቤት ስትከራይ አከራይዋ ስጋ ትበያለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት፣ እሷ የሽታ ጉዳይ መስሏት ጾም ላይ ነኝ ምናምን ብላ ስትዘባርቅ አብራት የምትማረው ልጅ በኋላ ሳቀችባት፣ ለነሱ ለአገሬው ሰዎች ይሄ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ካስትህ ምንድነው የሚለውን በጨዋ ደንብ መጠየቂያ ነው አለቻት። እና ለምን ወጥ ቤቱና ሽንት ቤቱ ደንቡ ውስጥ አብረው እንደመጡ ገባኝ ትላለች። ከታች ካለ ሰው እጅ የተቀበልከው የበሰለ ምግብ ያረክስሃል የሚል እምነት ካለ፣ ማብሰያው ለላይኛው ተይዞ ይቆያል፣ ቆሻሻው ለታችኛው ይሄዳል። ይቺ አንድ አንቀጽ ከኔ ሙሉ ፖስት ትበልጣለች፣ እውነቴን ነው።

3 ቁጥር ጠበቃ ነኝ አለ፣ አጻጻፉም ይመሰክራል፣ ሁሉንም ነገር አንደኛ ሁለተኛ እያለ ነው የሚያወራው። ፍርዱ 148 ገጽ ነው፣ የጻፉት በጊዜው ዋና ዳኛ የነበሩት ቻንድራቹድ ናቸው፣ ተጣሱ የተባሉት አንቀጾች 14፣ 15፣ 17፣ 21 እና 23 ናቸው አለ። 17 የአለመነካካትን ልማድ (የታችኛውን ሰው መንካት ያረክሳል የሚለውን) የሚከለክለው ነው፣ 23 ደግሞ የግዳጅ ስራን። ክልሎች በሶስት ወር ውስጥ ደንባቸውን እንዲያስተካክሉ፣ መዝገቡ ላይ ያለው የካስት አምድ እንዲሰረዝ ታዘዘ፣ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩም ዲሴምበር 30/2024 ላይ ሞዴል የሚባለውን፣ ለክልሎች ናሙና የሚሆነውን ደንብ አሻሻለ። ከዛ የኛንም ህግ ለሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ጨመረ፣ ቀላል እስራትና ጽኑ እስራት ለምን እንደሚለዩ አስቡት አለ። ቀላል የተፈረደበት ሰው ከከባድ ስራ እንዲድን ነው ልዩነቱ የተበጀው፣ የኡታር ፕራዴሹ ደንብ ግን ያቺን እፎይታ ለአንዱ ሰጥቶ ለሌላው በትውልዱ ነጠቀው። አንድ አይነት ጥፋት፣ አንድ አይነት ፍርድ፣ ሁለት አይነት እስራት።

4 ቁጥር ይሄ ሁሉ የእንግሊዝ ስራ ነው አለ። የህንድ የእስር ቤት አዋጅ የ1894 ነው (ከዚህ በታች ያሉት አመቶችም ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፣ ከፋፍሎ መግዛት የምትለዋን አመጣ፣ በደንብ ተናደደ።

5 ቁጥር ላይ ነው ክሩ መሞቅ የጀመረው። ወንድሜ ቀን ቁጠር እንጂ አለው፣ ህንድ ነጻ የወጣችው 1947፣ ህገ መንግስቱ ስራ ላይ የዋለው 1950፣ የራጃስታኑ ደንብ የ1951፣ የቤንጋሉ የ1967፣ የኡታር ፕራዴሹ የ2022። 2022 ላይ ቁጭ ብሎ ያንን ዓረፍተ ነገር እንደገና ያስተየበው ሰው እንግሊዝ ነው? እስከዚህ ጥሩ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ግን ለ4 ቁጥር ስለ ትምህርት ቤቱ የማይሆን ነገር ጨመረበት፣ እሱን ልዝለለው።

4 ቁጥሩ ሰው 6 ላይ ተመልሶ መጣ፣ ቅር ብሎታል ግን አልተሳደበም። ቀኑን እቀበላለሁ፣ ዘሩ ግን የነሱ ነው፣ የወንጀለኛ ጎሳዎች አዋጅን አንብብ አለ። ይሄን እኔም በደንብ አላውቅም ነበር። በ1871 እንግሊዞቹ አንዳንድ ጎሳዎችን እንዳሉ ወንጀለኛ ብለው መዘገቧቸው፣ ሰውየው የሰረቀው ነገር ኖሮ አይደለም፣ እዛ ጎሳ ውስጥ መወለዱ ይበቃል፣ ስሙ ፖሊስ ጋ ይመዘገባል ካለበት ሲንቀሳቀስም ያስጠይቀዋል። አዋጁ በ1952 ቀረ። ስማቸው ከመዝገብ የወጡ ጎሳዎች ተባለ፣ እስር ቤት ውስጥ ግን አልወጡም ይላል 4 ቁጥር፣ የማድያ ፕራዴሽ ደንብ ከነዚህ ጎሳዎች የሆነን ሰው እንደ ልማደኛ ወንጀለኛ መቁጠር ይፈቅድ ነበር፣ የምእራብ ቤንጋሉ ደግሞ እስረኛ የሌሊት ጠባቂ ሆኖ ሲሾም ለማምለጥ ተፈጥሯዊ ዝንባሌ ካላቸው እንደ ዘላን ጎሳ ካሉ ሰዎች እንዳይሆን ይል ነበር።

7 ቁጥር በዚህች ብቻ ሳቀ። እስር ቤት ተቀምጦ ለማምለጥ ተፈጥሯዊ ዝንባሌ የሌለው ሰው ካለ አሳዩኝ አለ። ብዙ ላይክ ያገኘው እሱ ነው፣ የ2 ቁጥሯ ያ ሁሉ ማብራሪያ ግማሹን አላገኘም። ምን ይደረግ።

8 ቁጥር ሀይማኖታቸው ነው ተዋቸው፣ እኛ ምን አገባን አለ። ከ9 እስከ 11 ያሉት ተረባረቡበት። 9 ስድብ ነው፣ አድሚን አንስቶታል። 10 ግን ረጋ ብሎ ነው የጻፈው፣ ይሄን ነገር አጥብቀው የተዋጉት ራሳቸው ህንዶቹ ናቸው፣ ህገ መንግስቱን ያረቀቀውን ኮሚቴ የመራው አምበድካር ራሱ ዳሊት ነው (አይነኬ ከሚባሉት፣ ከሁሉም በታች ከተደረጉት ወገን)፣ በ1927 ማሃድ ከተማ ላይ ህዝብ አስከትሎ ሄዶ ዳሊት እንዳይነካው ከተከለከለ የህዝብ ኩሬ ውሃ ጠጥቷል አለ። ተዋቸው ስትል የትኞቹን ነው የምትተወው፣ ከልካዩን ነው ወይስ ውሃ የጠማውን? 11 ደግሞ ሊያግዝ ብሎ አንቀጽ 17 ካስትን አጥፍቶታል እኮ ብሎ ጻፈ።

12 ላይ ጠበቃው መጣና አላጠፋውም አለ። ያጠፋው አለመነካካትን ነው፣ ካስት ራሱ አልተሻረም፣ እንደውም ለትምህርትና ለመንግስት ስራ ኮታ ስለሚሰጥ መንግስት ራሱ ካስትን ይመዘግባል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጫረብኝ፣ መዝገቡ ውጭ ሲሆን በር መክፈቻ ነው፣ እስር ቤት ውስጥ ሲሆን ግን መጥረጊያ ማደያ ሆነ።

13 ቁጥር የጠበቅኩት ነገር መጣ። እኛስ አለ። አንጥረኛውን ጠይብ፣ ቡዳ እያልን፣ ሸክላ ሰሪዋን፣ ፋቂውን አግልለን የኖርን ሰዎች ስለ ህንድ ስናወራ አናፍርም ወይ። 14 ቁጥር ወዲያው ጦፈ፣ ሁሉን ነገር ወደ ኢትዮጵያ እያመጣችሁ አገር አታዋርዱ፣ እኛ ጋ ደንብ ላይ ተጽፎ ያውቃል ወይ አለ። 15 ቁጥር ካፋ ውስጥ ያደገ ነው፣ አልተቆጣም፣ ማንጆ ከሚባሉት ጋር አብሮ መብላትና መጋባት እንደማይደረግ ልጅ ሆኖ ሳይነግሩት እንዳወቀው ጻፈ። ማንም አላስተማረኝም ግን የየትኛውን ቤት ሲኒ እንደማልነካ አውቅ ነበር አለ። ደንብ ላይ አለመጻፉ ያጽናናኛል ብሎ እንደሆነ ለ14 ቁጥር ጠየቀው፣ 14 እስካሁን አልመለሰም። 16 አጼ ምኒልክ ሰራተኛን በስራው አትስደቡ ብለው አዋጅ ማስነገራቸውን አነሳ፣ አዋጁ ይኸው ስንት ዘመኑ፣ ስድቡም አለ። 17 አድሚኑ ነው፣ ወደ ርእሱ ተመለሱ አለ። እኔ ግን 15 እና 16 ርእሱን የለቀቁ አይመስለኝም፣ ጥያቄዬ የተሻረ ነገር እውነት ይሻራል ወይ የሚል ነበር እኮ።

18 ቁጥር የጻፉት አባት ናቸው፣ ስማቸውን አልጠቅስም ግን እዚህ የቆያችሁ ታውቋቸዋላችሁ፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። በደርግ ጊዜ ስድስት አመት ታስረዋል። ክፍላቸው ውስጥ ጽዳት በተራ ነበር፣ ማእረግ የነበረው ሰውዬም፣ ኮረዳ መስሎ የሚያፍረው የአስራ ሰባት አመት ተማሪም፣ ቄሱም ተራቸው ሲደርስ ባልዲ ይዘው ይወጣሉ። አንድ የድሮ ባለርስት መጀመሪያ ቀን ባልዲውን እንዴት እንደሚያነሱት ግራ ገብቷቸው ቆመው ሲያዩት ያጠፋሁት መሰለኝና ልቀበላቸው ተነሳሁ፣ ጎረቤቴ ልብሴን ይዞ አስቀመጠኝ፣ ይልመዱት አለኝ ብለው ጻፉ። የለመደ የምትለዋን ቃል ከፖስቴ አንስተው ነው ይሄን ያመጡት። ለመልመድ አንድ ሳምንት በቂ ነው አሉ።

19 ቁጥር በአክብሮት ግን ፊት ለፊት ጠየቃቸው፣ ጋሼ ብር ያለውስ ተራውን አይሸጥም ነበር ወይ። 20 ላይ አመኑ። ይሸጥ ነበር አሉ፣ ለሲጋራ፣ ለሳሙና፣ ከቤት ስንቅ ለማይመጣለት ልጅ። ግን የሚገዛህ ሰው እንደገዛህ ያውቃል፣ አንተም ነገ አልሸጥም ማለት ትችላለህ፣ ያኛው ግን ሲወለድ የተሸጠ ነው አሉ።

እዚህ ድረስ ጥሩ ሄዶ ነበር። 21 ቁጥር ማረሚያ ቤት ሰርቻለሁ የሚል ሰው ነው፣ የት እንደሆነ አልተናገረም። ሁላችሁም ከውጭ ነው የምታወሩት አለ። የሚጠላሉ ሰዎችን አንድ ግቢ ውስጥ ከቀላቀልክ ሌሊት ደም ይፈሳል፣ ህንዶቹም ፓላያምኮታይ እስር ቤት ላይ ቴቫር፣ ናዳርና ፓላር የሚባሉትን ካስቶች ለየብቻ ያሰሩት ለዚህ ነው፣ ሰላም ለማስጠበቅ። የስራውን ነገር እቀበላለሁ፣ መለየቱን ግን አትንኩት አለ።

22 ጠበቃው፣ ይሄንን ክርክር የታሚል ናዱ መንግስት ራሱ አቅርቦት የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተቀብሎት ነበር፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በዚህ አልስማማም አለ፣ ስርአት ማስከበር የእስር ቤቱ ስራ ነው፣ ስራው ከበደኝ ብሎ ሰውን በካስት አጥር ማጠር አይችልም። 23 ላይ 21 ቁጥር ፈነዳ። አንተ ቢሮህ ሆነህ ገጽ ትቆጥራለህ፣ ሌሊት 8 ሰአት ጩኸት ሲሰማ ዱላ ይዞ የሚገባው ግን እኔ ነኝ፣ አንድ ምሽት ብቻ ና እና ደርበህ አድርልኝ አለው። አነጋገሩ ከረረ እንጂ ያለው ነገር ባዶ አይደለም፣ እነዛ ክፍሎች ሞልተው ነው የሚያድሩት። የ2022 የህንድ የራሳቸው ቁጥር ላይ 573,220 እስረኛ ነበር፣ ቦታው ግን ለ436 ሺህ ገደማ ነው። ከአራቱ ሶስቱ ደግሞ ገና ያልተፈረደባቸው ቀጠሮ ላይ ያሉ ናቸው። ያልተፈረደበትን ሰው ሽንት ቤት አስጠርገህ ደግሞ ካስቱን ትጠይቀዋለህ። (ቁጥሩን 26 ቁጥር ነው ያመጣው፣ እኔ ወደዚህ ሳብኩት።)

24 የፑኔዋ እህት ገላጋይ ሆነች። ትናንት የተደባደቡ ሁለት ሰዎችን ዛሬ መለየት አንድ ነገር ነው፣ በር ላይ ገና ሲገባ ማን ነህ ብለህ መለየት ሌላ። የመጀመሪያውን ማንም አልከለከለህም አለችው። 21 ቁጥር ላይክ አደረገላት፣ ቃል አልተነፈሰም።

25 ቁጥር ጋዜጠኛ ናት መሰለኝ። ይሄ ሁሉ የጀመረው ሱካንያ ሻንታ የምትባል ሪፖርተር በ2020 የእስር ቤት ደንቦችን እየገለጠች ስለጻፈች ነው፣ መዝገቡም በሷ ስም ነው የተከፈተው አለች። ጽሁፉ ላይ ራጃስታን አልዋር እስር ቤት የገባ አንድ ወጣት አለ፣ በር ላይ ወንጀሉን ጠየቁት፣ ቀጥሎ ካስቱን ጠየቁት፣ ከዛ የሞላ ሴፕቲክ ታንክ አሳዩት። ጽሁፉ ከወጣ በኋላ የራጃስታን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በራሱ ተነሳሽነት ጉዳዩን አንስቶ ደንቡ በ2021 ተቀየረ፣ እሷ ግን በዛ አላቆመችም፣ ለሌሎቹ ክልሎች ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደች።

27 ላይ ከዱባይ የጻፈችው ልጅ ነገሩን ሁሉ ወደ ሌላ ወሰደችው፣ ግን ደስ ይላል። አብሯት የሚሰራ የታሚል ናዱ ልጅ አለ፣ የተግባቡት በስም ምክንያት ነው። እነሱም እንደኛ የቤተሰብ ስም የሚባል የላቸውም፣ የራሱ ስም አለ፣ የአባቱ ስም ደግሞ በአንድ ፊደል ከፊት ይቀመጣል። ቢሮ ፎርም ሲሞሉ ላስት ኔም የሚለው ሳጥን ላይ ሁለቱም ይጨናነቃሉ። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀው ድሮ ከስማችን ጀርባ የካስት ስም ነበረ፣ ፔሪያር የሚባል ሰው በ1920ዎቹ በመራው ንቅናቄ ጊዜ ህዝቡ እየቆረጠ ጣለው፣ የኔም ቅድመ አያት ከጣሉት ናቸው አላት። ከ28 እስከ 30 ያለው በሙሉ ቪዛና ፓስፖርት ነው፣ አንዱ የአያቱን ስም ሁለቴ አስጽፎ ኤርፖርት የደረሰበትን ነገረን፣ አዘለልኳችሁ።

31 እኔ ነኝ። የዱባይዋ ልጅ ያመጣችው ነገር ነው ያስደነገጠኝ አልኩ። ፓላያምኮታይ ያለው እኮ ታሚል ናዱ ነው! ከስማቸው ላይ ካስትን ቆርጠው ከጣሉ መቶ አመት ሊሞላቸው የቀረበ ሰዎች አገር። ስሙ ምንም አይናገርም፣ እስር ቤቱ ግን ማን የት እንደሚተኛ አውቆ ለይቷቸዋል። እንዴት አወቀ? ታዲያ አምዱን ከመዝገብ መሰረዝ ምን ያህል ያስኬዳል?

32 ላይ የፑኔዋ አጭር መለሰች፣ የየት መንደር ነህ ብለው፣ አባትህ ምን ይሰራል ብለው፣ አብሮህ የገባው ማነው ብለው። 33 ጋሼ ናቸው። አምዱ ይሰረዝ፣ ግን እሱ ብቻውን አይበቃም፣ በቦታው ወረቀት ይለጠፍ አሉ። የእለቱ የጽዳት ተራና የወጥ ቤት ተራ በስም ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ፍርድ ቤቱ ሄደው ይዩ ያላቸው ጎብኚዎች ሲመጡ የሶስት ወሩን ወረቀት አምጣ ይበሉ፣ አንድ ስም አስር ጊዜ ካዩ ማብራሪያ ይጠይቁ። እኛ ጋ ወረቀቱ በር ጀርባ ላይ ነበር፣ እስካሁን የፊደሉ አጣጣል ትዝ ይለኛል አሉ።

34ኛውና እስካሁን የመጨረሻው የ21 ቁጥሩ የማረሚያ ቤት ሰው ነው። ንዴቱ ወጥቶለታል። ጋሼ ልክ ነዎት፣ እኔ የነበርኩበትም ወረቀት ነበር አለ። የሚጽፈው ካቦው (የእስረኞቹ አለቃ፣ ራሱም እስረኛ) ነው፣ እኔ በየሳምንቱ እፈርምበታለሁ። አሁን እርስዎ ሲሉ ነው ያሰብኩት፣ አራት አመት ስፈርም የካቦውን የራሱን ስም እዛ ወረቀት ላይ አይቼው አላውቅም።